ያቺ ደብተር አንተ ጋ ናት?

ይድረስ ለወዳጄ፣

እንዴት ነህ? ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቻለሁ። ስልኩን ስንቴ አንስቼ መልሼ እንዳስቀመጥኩት ብነግርህም አታምነኝም። ይቅርታ። በቃ፣ ይኼን እንለፈው።

ሰፈሩ አለ። ጠላ ቤቷ ተዘግታለች። የዕድሩ ሊቀመንበር ያው የድሮው ነው። ስለ መንገዱና ስለ ሰላሙ ከዜናው ትሰማለህ።

የጻፍኩልህ ስለ ደብተሯ ነው። ሰማያዊ ሽፋን የነበራት፣ የግንቦት 7፣ 1997ቷ። ሌሊት ቆጠራው አልቆ ውጤቱ ምርጫ ጣቢያው በር ላይ ሲለጠፍ እኔ ክብሪት ስጭር አንተ የገለበጥክባት። ቁጥሩን ሳትጨርስ ክብሪቱ በጠፋ ቁጥር የሰደብከኝ ስድብ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

የእህቴ ልጅ ናት የፈለገቻት። የመመረቂያ ጽሑፍ እየሠራች ነው፤ የአንድ ሰፈር ሰው እንዴት እንደሚመርጥ። ሰፈራችንን ወረቀት ላይ ሥላዋለች። ላይ ከአስፋልቱ ዳር ያሉት የግል ቤቶች አረንጓዴ፣ ወደ ቀሐ ወንዝ የሚወርዱት የቀበሌ ቤቶች ቢጫ። እና ምን ትለኛለች? «አጎቴ፣ ቢጫው የመረጠው የኢሕአዴግን ምልክት ንብን ነበር፣ አረንጓዴው የተቃዋሚውን የቅንጅትን ሁለት ጣት፣ አይደል?»

ሳቅኩ። አንተ ብትሆን ትጣላት ነበር። በ97 እኮ ጎህ ሳይቀድ የተሰለፈው ታች ሰፈር ነው! ሊስትሮው፣ ጠላ ሻጯ፣ የቀን ሠራተኛው። የቴሌቪዥኑን ክርክር ተፋፍገው የሰሙት እነሱ ናቸው። ላይ ሰፈር እንዲያውም ንግድ ፈቃዱን እያሰበ አፉን የሚለጉመው ይበዛ ነበር።

«እሺ፣ በ2002ስ?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ተያዝኩ። በ2002 ከ547ቱ ወንበር ኢሕአዴግና አጋሮቹ 545 ወሰዱ። በ2007 ደግሞ አንድም ሳያስተርፉ ጠቅልለው። ወረቀቱን ብቻ ካየህ ጎንደርም ከሌላው ጋር ልቧ የዞረ ይመስልሃል። ታዲያ ዓመት ከሁለት ወር አለፍ ብሎ፣ ሐምሌ 24፣ 2008፣ ያ ሁሉ ሰው ከየት ፈልቆ ለተቃውሞ አደባባይ ወጣ? ያው እኛው ነን እኮ! ልጅቷ ይኼን በየትኛው ቀለም ትቀባዋለች?

ሌላም አለ… እንዴት ብዬ እንደምነግርህ እንጃ። በ2002 እኔ ንብ ላይ ነው ምልክት ያደረግኩት።

አዎ፣ እኔ። ማታ «ለማን ሰጠህ?» ስትለኝ እንደ ድሮው ሁለት ጣቴን አሳየሁህ። ያ የምናውቀው ቅንጅት ከፈረሰ ቆይቶ ስለነበር ቀልድ መስሎህ ሳቅህ። እኔም አብሬህ ሳቅኩ።

እማዬ ያለችው ቀበሌ ቤት መሆኑን ታውቃለህ። የኢሕአዴግ የአንድ ለአምስቱ ጠርናፊ ከምርጫው በፊት ሦስት ጊዜ መጥቶ ቡና ጠጣ። አላስፈራራም፣ ክፉ ቃል አልወጣውም። ኪራዩ ስንት እንደሆነ ብቻ ጠየቃት። በሦስቱም ቀን። ድምፅ በምስጢር እንደሚሰጥ አላጣሁትም፤ መጋረጃው ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። እስክሪብቶውን ስይዝ ግን ሰውዬው ሲኒውን እንደያዘ ከኋላዬ የቆመ መሰለኝ።

የዛሬ ሦስት ዓመት በስልክ «ያኔ ለንብ የሰጠ ሁሉ ሆዳም ነው» ስትል ኔትወርኩ የተቆረጠ አስመስዬ ዘጋሁት። ኔትወርኩ ደህና ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው መደወል የከበደኝ።

ለልጅቷ ይኼን አልነገርኳትም። ልንገራት? አንተ በል ካልከኝ እነግራታለሁ።

ለአማካሪዋ የምታቀርበው ከፋሲካ በኋላ ነው። ደብተሯ ካለች ገጾቹን ፎቶ አንስተህ በቴሌግራም ላክልኝ። ከተቀየምከኝም ምንም ሳትጽፍ ፎቶውን ብቻ ላከው፤ ይገባኛል።

እማዬ ሰላም በልልኝ ብላለች። አሁንም እዚያው ቤት ናት።

ክብሪት ጫሪው