የቅድመ አያታችንን ውጅግራ ስለማደስ

ሊዮን (ፈረንሳይ)፣ ጥር 2017 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? የእማዬ ጉልበትስ ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የላክኸውን ፎቶ አንድ በአንድ አጉልቼ አይቻለሁ። ጠመንጃውን ለዓድዋ በዓል አጽድታችሁ ግድግዳ ላይ ልትሰቅሉት ማሰባችሁ ደስ ብሎኛል። ግን ሞረድም ሆነ የብርጭቆ ወረቀት ሳይነካው ይህ ደብዳቤ እንዲደርስልህ ነው የቸኮልኩት።

ውጅግራ የምንለው ፈረንሳዮቹ ፉዚ ግራ የሚሉት ነው፤ ባዚል ግራ የተባለ መኮንን የቀየሰው፣ በ1874 እ.ኤ.አ. ሠራዊታቸው የተቀበለው፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ባለ 11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ። በግራ ጎኑ ያለው ጽሑፍ ሴንት ኤትየን ይላል። እኔ ካለሁበት ቅርብ ከተማ ናት።

ከሁሉ በፊት ባዶ መሆኑን እወቅ። ቀጭን የእንጨት ዘንግ በአፈሙዙ በኩል በቀስታ አስገባና የቆመበት ላይ ምልክት አድርግ። ከዚያ አውጥተህ ከውጭ ለካው። የአፈሙዙ ርዝመት ወደ 82 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ዘንጉ ከዚያ ቀድሞ ከቆመ ውስጡ ጥይት ወይም ዝገት አለ ማለት ነው። እንዳትመታው። እንዳለ አስቀምጠህ ለፖሊስ ንገር። በዚያውም ጠቅላላ ርዝመቱን ለካልኝ። ሙሉ ከሆነ ወደ 1 ሜትር ከ30 ይደርሳል፤ ካነሰ አፈሙዙ ወይም ሰደፉ ተቆርጧል።

አሁን ብረቱ ላይ ወደተመታው ቁጥር እንምጣ። የአፈሙዙና የመቀርቀሪያው ቁጥር አይገጥምም፣ ያው በፎቶው ላይ ይታያል። ሰብሳቢዎቹ እዚህ ቁጥሩ ያልገጠመውን ዋጋውን ይጥሉታል። ለእኛ ግን ቁም ነገሩ ድብልቁ የቆየ ነው ወይስ የትናንት የሚለው ነው። ብዙ ጠመንጃ አንድ ላይ ተፈትቶ ሲጸዳ መቀርቀሪያ ይለዋወጣል፤ የጦር ሜዳ ነገር ነው። መቀርቀሪያው ሲመላለስ የላገው መስመር ከሚገባበት ቤት መስመር ጋር ከገጠመና የዝገታቸው ቀለም አንድ ከሆነ፣ ሁለቱ አብረው ኖረዋል። ስለዚህ ተወው፤ የሌላውን ቁጥር አጥፍቶ አዲስ መምታት ደግሞ ውሸት ነው።

የጎደለው የመቀርቀሪያው ራስ፣ የፊተኛው ቀለበትና መጥረጊያ ዘንጉ ነው። እዚህ አገር ከ1900 እ.ኤ.አ. በፊት የወጣ ሞዴል ያለ ፈቃድ ስለሚሸጥ ክፍሉን ማግኘት አያቅተኝም። ግን አልልክም። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም ማስገባትንም ይከለክላል። በመጀመሪያ ወረዳው ፖሊስ ሄደህ ጠመንጃው የተመዘገበ መሆኑን አጣራ።

የመቀርቀሪያው ራስ ከሌለ መርፌው ራቁቱን ወጥቶ ይታያል፤ ቀለሃ የሚጎትተው ጥፍርም ከራሱ ጋር ነው የጠፋው። ቶርኖ ቤት ያለ ሰው «በብረት እሠራልሃለሁ» ቢልህ እምቢ በል። በትክክል ያልጠነከረና ልኩ ያልያዘ ብረት፣ ጥይት ቢገባበት የባሩዱን ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ይመልሰዋል። በወይራ እንጨት አስቀርጸው፤ ከሥሩም «2017 ተሠራ» ብለህ አስጽፍበት። እንጨት ከሆነ ማንም አይተኩስበትም፣ ማንም አይታለልበትም።

አፈታቱ ቀላል ነው፣ መቸኮል ነው የሚያበላሸው። የካቻቪቴህን ጫፍ የብሎኑን ስንጥቅ እስኪሞላ ሞርደው፤ ልል ከሆነ ስንጥቁን ያፈርሰዋል። የዛገውን ብሎን ሦስት ቀን በነጭ ጋዝ አርሰው። መቀርቀሪያው የሚወጣው በስተቀኝ ያለችውን ማቆሚያ ብሎን ጥቂት ዙር አላልተህ፣ ቃታውን ስበህ ወደ ኋላ ስትጎትተው ነው። ውስጡ ያለው ሞላ ኃይለኛ ነው። ስትፈታው የመርፌውን ጫፍ እንጨት ላይ አስደግፈህ ተጫነው፣ ፊትህንም አርቅ። የወጣውን እያንዳንዱን ብሎን ካርቶን ላይ እንደ ቦታው ሰካ፤ ሁሉም አንድ ይምሰሉ እንጂ ርዝመታቸው ይለያያል።

ለዝገቱ ሎሚና አመድ አይሆንም። ሎሚው ቁጥሩን ይበላዋል፣ አመዱ ይፍቀዋል። የስፌት መኪና ዘይት ቀባውና አንድ ቀን አቆየው፤ ከዚያ ማግኔት የማይስበው የናስ ሳንቲም ይዘህ በጠርዙ በዝግታ ፋቅ። ናስ ከብረቱ ይለሰልሳል፣ ልል ዝገቱን ግን ያነሣል። ቀዩ ይነሣ፤ ጥቁሩ ይቅር፣ እሱ ብረቱን ይጠብቀዋል። በመጨረሻ ስስ ዘይት ብቻ እንጂ ቅቤ ወይም ሞራ አትቀባ፤ ሲሻግት አሲድ ይሆናል።

እንጨቱን በእርጥብ ጨርቅ ጥረገውና በደንብ ይድረቅ። የተልባ ዘይት በጣም ስስ አድርገህ ሦስት ጊዜ ቀባ፣ በየመካከሉ ሁለት ሦስት ቀን እየጠበቅህ። ካበዛኸው ይጣበቃል፣ አቧራ ይዞ ይቀራል። ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨምቀህ እንዳትከምር፤ በራሱ ሊነድድ ይችላል። ውኃ ውስጥ ንከረው ወይም ዘርግተህ አድርቀው።

ከፊተኛው ቀለበት ቦታ የተጠመጠመውን ጠፍር ቆርጠህ ልትጥለው ነው መሰለኝ። እባክህ አትንካው። ፎቶው ላይ አየሁት፦ ዘጠኝ ዙር ነው፣ ጫፉ በሦስተኛው ዙር ሥር ተሸጉጧል፤ እርጥብ ሳለ ተጠምጥሞ ሲደርቅ ተኮማትሮ እንጨቱንና ብረቱን አጣብቆ ይዟል። ቀለበቱ ሲጠፋ የሠራው ሰው እጅ ነው። የፈረንሳይ ቀለበት ገዝተን ብንተካው ጠመንጃው የሴንት ኤትየን ይሆናል እንጂ የቤታችን አይሆንም። ዘይትም ውኃም አታስነካው፣ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ብቻ አራግፍ። በዚህ ምክንያት አፈሙዙን ከእንጨቱ አታላቅቅ፤ ጠፍሩ እስካለ ድረስ አይወጣም፣ አይውጣም።

ግድግዳው ላይ በሚስማር አትስቀለው። ሁለት የእንጨት መንጠቆ አሠራና የሚነካውን ቦታ በጥጥ ጨርቅ ሸፍን፤ ቆዳ አይሁን፣ እርጥበት ይይዛል። የወጥ ቤቱ ግድግዳም አይሁን።

የጥምጥሙን ሁለቱንም ጎን በቅርበት፣ በጎን ከሚገባ የጠዋት ብርሃን ጋር አንሥተህ ላክልኝ። እማዬን ሳምልኝ።

እህትህ አስካለ