«ቫይረሱ አለብህ» ከተባለ በኋላስ? ስለ ጉበት ሕሙማን ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ጤና ሚኒስቴር

ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት፣ ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት

ጉዳዩ፦ የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ከትልልቅ ሆስፒታሎች ወርዶ በአጠቃላይና በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች እንዲሰጥ ስለመጠየቅ

በአንድ የክልል ከተማ በሚገኝ አጠቃላይ ሆስፒታል በውስጥ ደዌ ሐኪምነት አገለግላለሁ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ ለመጻፍ የተነሣሁት፣ በሄፓታይተስ ቢ መያዛቸው በምርመራ የተረጋገጠ ሰዎች ከዚያ በኋላ የሚሄዱበት አጥተው፣ ጉበታቸው ጠባሳ ይዞ ሆዳቸው ውሃ እስኪቋጥር ድረስ በየቤታቸው መቆየታቸው በየሳምንቱ የማየው ጉዳይ ስለሆነ ነው። ምርመራው በአገራችን አለ፤ ቫይረሱን የሚገታው መድኃኒትም በየሆስፒታላችን ቅጥር ግቢ ውስጥ ይገኛል። ሕመምተኛውን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግር አሠራር ግን በአብዛኛው ቦታ የለም።

የደም ባንክ ከለጋሾች የሚቀዳውን ደም ሁሉ ለኤችአይቪ፣ ለቂጥኝ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ይመረምራል። ነፍሰ ጡር እናቶችም በእርግዝና ክትትል ጊዜ እንዲመረመሩ፣ ኤችአይቪን፣ ቂጥኝንና ሄፓታይተስ ቢን ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፉ በአንድነት ለመግታት የወጣው የሚኒስቴሩ ስትራቴጂ ያዛል። ሦስተኛውና ብዙም የማይነሣው የምርመራ በር ደግሞ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሚሄዱ ወጣቶች የሚያልፉበት «ሜዲካል» ነው። እነዚህ አገሮች ሄፓታይተስ ቢ የተገኘበትን አመልካች ለሥራ ብቁ አድርገው አይቀበሉም። በመሆኑም ቤተሰቧ ተበድሮ ፓስፖርት ያወጣላት ልጅ፣ አንዳች ሕመም ሳይሰማት ገብታ «ሜዲካል ወድቀሻል» ተብላ ትወጣለች።

በዚህ መንገድ ወደ እኔ የመጣች አንዲት ወጣት በቦርሳዋ አጥፋ የያዘችው ወረቀት ላይ የነበረው «ፖዘቲቭ» የሚል ቃልና አንድ ማኅተም ብቻ ነበር። ኤጀንሲው የከፈለችውን ገንዘብ ስለመመለስ ሲያንገላታት፣ የመረመራት ክሊኒክ ወረቀቱን ሰጥቶ ሸኝቷታል፤ ምን እንደተገኘባትና ወዴት መሄድ እንዳለባት የነገራት ሰው አልነበረም። የመጀመሪያ ጥያቄዋም ስለ ጉበቷ አልነበረም፤ መድኃኒቱን ለስንት ወር ብትወስድ ድጋሚ ተመርምራ ማለፍ እንደምትችል ነበር የጠየቀችኝ። ለዚህ ደስ የሚያሰኝ መልስ የለኝም፤ መድኃኒቱ የቫይረሱን መራባት ይገታል እንጂ፣ በዚያ ምርመራ የሚታየውን የቫይረሱን የላይኛ ሽፋን ከደም የሚያጠፋው በጣም ጥቂት ሰዎች ላይ ነው። ይሁንና ያች ልጅ ጉበቷ የት ደረጃ ላይ እንዳለ ሊታይላት፣ እናቷና ወንድሞቿ እህቶቿም ሊመረመሩ ይገባ ነበር። የውጭ አገር ሥራ አመልካቾችን የሚመረምር ክሊኒክ ፈቃዱን የሚያገኘው ከመንግሥት ነው፤ ቫይረሱ የተገኘበትን ሰው በቅርቡ ወዳለ የመንግሥት ሆስፒታል በጽሑፍ እንዲልክ ማስገደድ ደግሞ ከአንድ መመሪያ የበለጠ ወጪ አይጠይቅም።

የችግሩ ስፋት ለሚኒስቴሩ እንግዳ አይደለም። በአገራችን የተደረጉ ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ትንታኔ የሄፓታይተስ ቢ ስርጭትን 7.4 በመቶ፣ የሄፓታይተስ ሲን ደግሞ 3.1 በመቶ አድርጎ አስቀምጧል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በአፍሪካ ቀጣና ሄፓታይተስ ቢ ካለባቸው ሰዎች መካከል መያዛቸውን የሚያውቁት 4.2 በመቶ፣ ሕክምና ላይ ያሉት ደግሞ 0.2 በመቶ ብቻ ናቸው። የሁለቱን ቁጥሮች ልዩነት ልብ ይሏል፦ ከሚያውቁት ውስጥ እንኳ ከሃያ አንዱ ብቻ ነው መድኃኒት ያገኘው። በየዓመቱ ሐምሌ 21 የሚከበረው የዓለም የሄፓታይተስ ቀን ሲደርስ «ይመርመሩ» የሚለው ባነር በየጤና ተቋሙ በር ላይ ይሰቀላል። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ተመርምሮ ለተገኘበት ሰው የሚሆን ክፍል ሳይዘጋጅ ምርመራን ብቻ ማበረታታት፣ እኔ እንደማየው፣ ሕዝቡ በምርመራው ላይ ያለውን እምነት የሚሸረሽር ነው።

ጉበት ሳይናገር ይጎዳል። ሰውየው ዓመታትን በ«ጨጓራ» መድኃኒት ያሳልፋል፤ ቀኝ ጎኑን ከበድ ሲለው፣ ምግብ አልረጋለት ሲል፣ ድካሙ ሲበረታ ከአንዱ ፋርማሲ ወደ ሌላው ይዞራል። ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ደግሞ ቤተሰቡ «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ወደ ባሕል ሐኪም ይወስደዋል፤ ሰንሰል ተጨምቆ ይጠጣል፣ አንዳንዱም ክንዱ ላይ ተተኩሶ ይመጣል። በዚህ ሕዝቡን መውቀስ አልፈልግም፤ በጊዜው ሄዶ «ምንም አይደረግልህም፣ ብቻ ቅባትና አልኮል ተው» ተብሎ የተመለሰ ሰው ሌላ ምን አማራጭ ነበረው? ወደ እኛ ሲደርስ ሆዱ ተነፍቷል፣ እግሩ አብጧል፣ አንዳንዱም ደም እያስመለሰ ነው። በዚያ ደረጃ ላይ ቫይረሱን የሚገታውን ቴኖፎቪር መስጠታችን ትክክል ነው፤ ብዙዎቹን ግን አይመልስልንም።

መድኃኒት የሚያስፈልገውን ሰው ለመለየት የግድ አዲስ አበባ መላክ አለብን የሚለው አስተሳሰብ መቅረት ያለበት ይመስለኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ባወጣው መመሪያ የሕክምና መጀመሪያ መስፈርቱን አስፍቶታል፤ ከመስፈርቶቹ አንዱ «አፕሪ» የሚባለውና በወረቀትና በእርሳስ የሚሠራው ስሌት ነው። ኤኤስቲ የተባለው የጉበት ኢንዛይም መጠን ለላብራቶሪው ከፍተኛ መደበኛ ልክ ይካፈላል፤ ውጤቱ በሺህ ለተቆጠረው ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው ሕዋስ) ተካፍሎ በ100 ይባዛል። ለምሳሌ ኤኤስቲ 80፣ የላብራቶሪው ከፍተኛ ልክ 40፣ ፕላትሌት 100 ሺህ ቢሆን፣ 80 ለ40 ሲካፈል 2 ይሆናል፤ 2 ለ100 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ ውጤቱ 2 ነው። ከ0.5 በላይ ከሆነ በጉበት ላይ ጉልህ ጠባሳ መኖሩን፣ ከ1 በላይ ከሆነ ደግሞ ሲሮሲስ (ጉበት በጠባሳ መጠንከር) ሊሆን እንደሚችል ስለሚያመለክት፣ ይህ ሕመምተኛ ዛሬውኑ መድኃኒት መጀመር አለበት። ሁለቱም ምርመራዎች፣ ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) እስካለ ድረስ፣ በብዙ ሆስፒታሎቻችን ይሠራሉ። የቫይረሱን መጠን መለካት ካስፈለገም፣ ለሳንባ ነቀርሳ ተብሎ በየቦታው የተተከለው የጂንኤክስፐርት ማሽን የራሱን ካርትሪጅ ካገኘ የሄፓታይተስ ቢን መጠን መለካት ይችላል። የጉበትን ጠባሳ የሚለካው ፋይብሮስካን ማሽን ቢኖር እሰየው፤ እስኪመጣ ድረስ ግን ሰው መሞት የለበትም።

የደብዳቤዬ ዋና ነጥብ መድኃኒቱ ነው። ቴኖፎቪር ከኤችአይቪ መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ በኤአርቲ (የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና) ክፍላችን ለኤችአይቪ ሕሙማን በነጻ በሚታደለው እንክብል ውስጥ ከሌሎች ሁለት መድኃኒቶች ጋር ተቀላቅሎ አለ። ያንኑ መድኃኒት ለብቻው፣ በቀን አንድ 300 ሚሊግራም፣ የሚያስፈልገው የሄፓታይተስ ቢ ሕመምተኛ ግን በብዙ ቦታ ከኪሱ ገዝቶ ነው የሚውጠው፤ ይህም በአቅራቢያው ከተገኘ ነው። የተቀላቀለውን እንክብል ለእርሱ ይሰጠው እያልኩ አይደለም፤ ነጠላው ቴኖፎቪር በበቂ መጠን ተገዝቶ፣ የኤችአይቪ መድኃኒት በሚጓዝበት መስመር እንዲሰራጭ ነው የምጠይቀው። በዓለም ገበያ የዚህ መድኃኒት አጠቃላይ ስም ያለው ምርት ለአንድ ሰው በወር 2.4 የአሜሪካ ዶላር በሚደርስ ዋጋ እንደሚገኝ የዓለም ጤና ድርጅት ገልጿል። ክኒኑ በየቀኑ፣ ለአብዛኞቹም ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ስለሆነ፣ ገንዘብ ባለቀ ቁጥር ማቋረጥ ከአለመጀመር የባሰ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ቫይረሱ በድንገት አገርሽቶ ጉበትን ሊያዳክም ይችላል። ከመጀመሩ በፊት ኤችአይቪ መመርመር፣ በየጊዜውም የኩላሊትን ሁኔታ ማየት ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ደግሞ የኤአርቲ ክፍል ነርሶችና ፋርማሲስቶች ለዓመታት ሲሠሩት ኖረዋል። ካርዱን፣ ቀጠሮውን፣ የቀረውን ሰው ስልክ ደውሎ መፈለጉን ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ይህ በመንግሥት ሆስፒታል እንደሚቻል ማስረጃው ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የተጀመረው የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ፕሮግራም ከ1,000 በላይ ሰዎችን መዝግቦ ተከታትሏል፤ ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮችም ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ካስተማራቸው ነገሮች አንዱ፣ ከዘገየ በኋላ የሚመጣ ሕመምተኛ መድኃኒት ላይ ሆኖም የመሞት ዕድሉ ከፍተኛ እንደሆነ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለፉት ዓመታት ትምህርቱን ወደ ደሴ፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ጅማና ወደ አርባ ምንጭ ዙሪያ ሆስፒታሎች ለማውረድ ይበቁ ነበር።

ለጤና መድን አገልግሎት የማቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ገበሬ መዋጮውን ከፍሎ፣ ካርዱን ይዞ መጥቶ፣ መድኃኒቱ በሆስፒታሉ መደብር የለም ሲባል የግል ፋርማሲ ከሄደ ክፍያው የራሱ ይሆናል። ዕድሜ ልክ ለሚወሰድ መድኃኒት ይህ መድን ሊባል አይችልም። ቴኖፎቪር በማንኛውም ውል ባለው ሆስፒታል እንዳይጠፋ የሚያስገድድ፣ ሲጠፋም የአባሉን ወጪ የሚተካ አንቀጽ ያስፈልጋል።

የእናቶችና የሕፃናት ጉዳይ ተለይቶ መታየት አለበት፤ በሽታው የሚተከለው እዚያ ነውና። አዋቂ ሰው በቫይረሱ ቢያዝ ከመቶ ዘጠና አምስቱ ገደማ ራሳቸው ያስወግዱታል፤ በወሊድ ጊዜ የሚያዝ ሕፃን ግን ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል። በአገራችን ሄፓታይተስ ቢን የያዘው ባለ አምስት ክትባት እ.ኤ.አ. በ2007 መሰጠት ሲጀምር ትልቅ እርምጃ ነበር። የሚጀመረው ግን ሕፃኑ ስድስት ሳምንት ሲሞላው ስለሆነ፣ ከእናት በወሊድ ጊዜ የሚመጣውን ለመከላከል ይዘገያል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ መጠን ነው። እዚህ ላይ የቤት ወሊድን መርሳት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት 48 በመቶ ነበሩ፤ የልደት ክትባት በማዋለጃ ክፍል ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ከግማሽ የማያንሱትን ሕፃናት ላያገኛቸው ይችላል ማለት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አራሷን በምትጠይቅበት በዚያው ቀን ክትባቱን ይዛ እንድትሄድ መፍቀድና ማስታጠቅ ይገባል። ቫይረሱ ላለባት ነፍሰ ጡርም፣ የቫይረሱ መጠን መለካት በማይቻልበት ቦታ ቴኖፎቪር ከሁለተኛው ሦስት ወር ጀምሮ እንዲሰጣት የ2024ቱ መመሪያ ይፈቅዳል፤ አዋላጅ ነርሶቻችን ይህን የማዘዝ ሥልጣን በጽሑፍ ቢሰጣቸው ከሐኪም ፍለጋ ያድናቸዋል። የጤና ባለሙያዎች ራሳቸው ክትባቱን ሳይወስዱ መርፌና ደም እየነኩ መሥራታቸውም አሳፋሪ ነው፤ ከዚህ በላይ አላብራራውም።

የጉበት በሽታ ሁሉ ሄፓታይተስ ቢ አይደለም፤ ምርመራ ላይ አጥብቄ የምናገረውም ለዚህ ነው። በጣና ሐይቅ ዳርቻና በመስኖ አካባቢዎች ያለው የአንጀት ቢልሃርዚያ ጣፊያን አሳብጦ ደም ያስመልሳል፤ ፕራዚኳንቴል ትሉን ይገድላል እንጂ የቆየ ጠባሳን አይመልስም። በሐረር በተደረገ ጥናት ደግሞ ጫት መቃም ከሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ጋር ግንኙነት እንዳለው ታይቷል። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ከሃያ ዓመታት በፊት ሰውን የጨረሰው የሆድ ማበጥ ደግሞ፣ ሲመረመር፣ ከእህል ጋር ከሚታጨድ መርዛማ አረም ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። እነዚህን ሁሉ «የጉበት በሽታ» ብለን በአንድ ካርድ ላይ ስንጽፋቸው ሕክምናውም ይጠፋል። ደም ለሚያስመልስ ሰው የሚያብጡትን የምግብ ቧንቧ ደም ሥሮች በኢንዶስኮፒ ማሰር ነፍስ የሚያድን ሥራ ነው፤ አገልግሎቱ ግን በጥቂት ትልልቅ ከተሞች ተወስኗል፤ ደም እየፈሰሰው በአምቡላንስ መቶዎች ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ አይደርስም። ቢያንስ በየክልሉ አንድ ሆስፒታል፣ ማሽኑ ከሚጠግነው ባለሙያ ጋር ሆኖ፣ ይህን እንዲሠራ እጠይቃለሁ።

ከሚኒስቴሩ በጽሑፍ እንዲመለሱልኝ የምፈልጋቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ ነጠላ ቴኖፎቪር በነጻ ከሚሰራጩ የፕሮግራም መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የሚገባው መቼ ነው? በአጠቃላይ ሆስፒታል ያለ ጠቅላላ ሐኪምና የጤና መኮንን የ2024ቱን መስፈርት ተጠቅሞ እንዲያዝ የሚፈቅድ የአገር ውስጥ መመሪያስ ለየሆስፒታሉ መቼ ይደርሳል? የደም ባንክና የውጭ አገር ሥራ መርማሪ ክሊኒኮች ቫይረሱ ያገኙባቸውን ሰዎች ለማን እንዲያስረክቡ ነው የታሰበው? ምላሹ ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለየክልሉ ጤና ቢሮዎች ቢደርስ፣ በዚህ ወር ወደ ክፍሌ ለሚመጡት ሕሙማን ጭምር የምናገረው ነገር ይኖረኛል።

ከአክብሮት ጋር

በአንድ አጠቃላይ ሆስፒታል የሚያገለግል የውስጥ ደዌ ሐኪም