ጠቡን ላበረዳችሁልኝ ሁሉ

አብሽር ብላችሁ ለደወላችሁ፣ ቤቴ ድረስ ለመጣችሁ፣ በዱዓም በጸሎትም ላልረሳችሁኝ፣ አላህ ይስጥልኝ። እጄ ከፋሻው ወጥቷል። ስልክ መነካካት እንደቻልኩ መጀመሪያ የምጽፈው ይሄን ነው።

ነገሩን በወሬ ለሰማችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ በሳይክል ወደ ቤት እየሄድኩ ነበር። ከደሴ የመጣ ሚኒባስ ቀደመኝና፣ ዳር ላይ እጁን ለዘረጋ ተሳፋሪ ሲል፣ ፍሬቻ እንኳ ሳያሳይ ፊቴ ላይ ሰያፍ ገብቶ ቆመ። ፍሬን ያዝኩ፣ ግን የት ልድረስ። ከኋላው ተላትሜ በግራ ትከሻዬ አስፋልቱ ላይ ወደቅኩ። አጥንቱ ቀጭ ሲል ሰምቼዋለሁ። ረዳቱ ወርዶ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል «ዳር ይዘህ አትነዳም?» የሚል ነው።

ይሄ «ዳር» የሚባለውን ነገር ሳይክል ነድቶ የማያውቅ ሰው አይረዳውም። የአስፋልቱ ጠርዝ ተበልቷል፣ አሸዋና ጠጠር አለው፣ ቀጥሎ ያለው ክፍት ቦይ ነው። ጥጉን ይዘህ ስትሄድ ደግሞ ሾፌሩ ቦታ የተለቀቀለት ይመስለውና መሪህን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ያልፍሃል። ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብለን የምንነዳው ለመኖር ብለን ነው፣ ሌላ ምክንያት የለንም።

አብረውኝ ከፈረቃ የወጡት ልጆች ከኋላዬ ነበሩ። ደም ሲያዩ ደማቸው ፈላ። ሾፌሩን ከጋቢና ጎትተው ሊያወርዱት በሩን ያዙ፣ ድንጋይ ያነሳም ነበር። እዚያው መንገድ ዳር ሻይ የሚሸጡት እናታችን ነጠላቸውን አደግድገው በልጆቹና በበሩ መሀል ገቡ። «መጀመሪያ የወደቀውን አንሱ! ጠቡ የትም አይሄድባችሁም!» እያሉ ጮሁ። እማማ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ያን ጊዜ እርስዎን የሚገፋ ወንድ አልተገኘም።

ጓደኞቼ፣ እጃችሁን ስለመለሳችሁ አመሰግናለሁ። ለኔ ብላችሁ እንደተናደዳችሁ አውቃለሁ። ግን አንዱ ድንጋይ ቢያርፍ ኖሮ፣ ዛሬ እኔ ፍራሽ ላይ፣ እናንተ ጣቢያ፣ ሾፌሩ ተበዳይ ሆነን ቁጭ ብለን ነበር።

ሾፌሩንም አመሰግናለሁ። ጥፋቱ የሱ ነው፣ ራሱም አምኗል። ግን አልሸሸም። ቀበቶውን ፈትቶ ትከሻዬን ያሰረልኝ እሱ ነው። ጤና ጣቢያ ድረስ ያደረሰኝ ባለባጃጅ ወንድሜ ሒሳብ አልቀበልም ብሏል፤ ወንበሩን በደም ስላበላሸሁት አሁንም ልቤ አልተወውም።

ትራፊክ ፖሊሱ ሜትር ይዞ መጥቶ ፕላን አነሳ። ረዳቱ «በፍጥነት መጥቶ ገጨን» ሲል ነገሩ ወደ ክርክር ሊሄድ ነበር። አንድ ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ ግን ሚኒባሱ ከመንቀሳቀሱ በፊት በስልኩ ፎቶ አንስቷል። የሚኒባሱ አፍንጫ ወደ ዳር፣ ቂጡ መንገዱ ላይ፣ የኔ ሳይክል ከሥሩ። ከዚያ በኋላ ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ከመጮህ በፊት ፎቶ አንሱ፣ ታርጋውን ያዙ፣ ያየ ሰው ስልክ ተቀበሉ።

ሪፈር ተጽፎልኝ ወደ ደሴ ስወጣ ያየሁትን ደግሞ ሾፌሮች ሁሉ ቢሰሙልኝ ደስ ይለኛል። መንገዱን ታውቁታላችሁ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ በአየር ላይ ቅርብ ነው፣ በመንገዱ ግን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት ነው። ከፊታችን ከባድ መኪኖች እያቃሰቱ ይወጣሉ። ዶሮ መዝለያ አካባቢ አንድ ልጅ ሳይክሉን እየገፋ በጠባቡ መታጠፊያ ይሄዳል። የአምቡላንሱ ሾፌር ክላክስ አላደረገም። ፍጥነቱን ቀንሶ ከኋላው ቆየ፣ ከላይ የሚመጣውን አይቶ፣ መንገዱ ሲከፈት ሰፊ ክፍተት ትቶ አለፈው። በሽተኛ ጭኖ ያን ያህል ከታገሠ፣ ባዶውን የሚሮጥ ሚኒባስ ምን ያስቸኩለዋል? ወንድሜ፣ ስምህን አልጠየቅኩም፣ ተባረክ። ደሴ ላይ ትከሻዬን ለሠሩልኝ ሐኪሞች፣ ሌሊት እየተነሱ ላገላበጡኝ ነርሶችም እንዲሁ።

ከወጣሁ በኋላ የሾፌሩ ቤተሰብ ሽማግሌ ላከ። ጓደኞቼ አልወደዱትም፣ «ክሱን ሊያስተውህ ነው» አሉኝ። ሼሁም ቄሱም አብረው መጡ፤ ቡና ተፈላ፣ ዱዓ ተደረገ። ሽማግሌዎቹ ለፖሊስ የሰጠሁትን ቃል አንሳ አላሉኝም። ሕጉ የራሱን ይሥራ፣ እናንተ ግን መንገድ ላይ ስትተያዩ ቂም አይኑር አሉ። የሦስተኛ ወገን መድን፣ ማለትም መኪና ለሚጎዳው ሌላ ሰው የሚከፍለው ኢንሹራንስ፣ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ ግዴታ ነው፣ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 799 ወጥቶለታል። ስለዚህ የሕክምናው ጉዳይ በዚያ በኩል እየሄደ ነው። ሥራ ለፈታሁበት ሾፌሩ የአቅሙን ከፈለ። ወሎ ውስጥ አባጋሮች ከምንላቸው ባህላዊ አስታራቂዎች ጊዜ ጀምሮ ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎች ስላሉን ኮራሁ።

መናኸሪያ ያላችሁ ተራ አስከባሪዎች፣ ሾፌሮቹን ሰብስባችሁ እንዳናግራቸው ስለፈቀዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። ያልኩት ይሄን ነው፤ ከመቆማችሁ በፊት ስፖኪዮ እዩ፣ ፍሬቻ አብሩ፣ በር ስትከፍቱ ወደ ኋላ ዞር በሉ፣ ስትቀድሙን አንድ ሜትር ተኩል ያህል ራቁ፣ ጆሯችን ሥር ክላክስ አታድርጉ፣ እንደነግጣለን። አንድ ሽማግሌ ሾፌር ደግሞ የእኛን ልጆች ጉዳይ አነሳ፤ የጭነት መኪና ኋላ ይዘው ዳገት የሚወጡትን፣ ማታ ያለ መብራት የሚነዱትን። እውነቱን ነው። ሰፈሬ ላሉት ልጆች ነግሬያለሁ፣ ገና እነግራለሁ።

ሳይክሌን ቸርኬውን አቃንቶ እንደ አዲስ ያደረገልኝ ጠጋኛችን ገንዘብ ሲሰጡት ይቆጣል፣ ስለዚህ እዚህ ላመስግነው።

የቀረኝ ያ ፎቶውን ያነሳው ተማሪ ነው። ፎቶውን ለትራፊኩ ልኮ ወደ ክፍሉ ሄደ፣ ከዚያ በኋላ ላገኘው አልቻልኩም። የምታውቁት ካላችሁ፣ ጠጋኙ ጋ መልእክት ተዉልኝ፤ ከነቤተሰቡ ቤቴ ምሳ እንዲበላ እፈልጋለሁ።