በጅማ የጨቅላ ሕፃናትን ሳንባ የሚያሳይ መሣሪያ እንግዛ

የጅማና የአካባቢዋ ወገኖቻችን፣ በዕድሮቻችን ትብብር አንድ ተንቀሳቃሽ አልትራሳውንድ ገዝተን ለከተማችን ሪፈራል ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ልናስረክብ ተነሥተናል። እጃችሁን እንድትዘረጉልን እንለምናለን።

ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ሳንባው ገና ለጋ ነው። ኦክስጅንና የመተንፈሻ ማሽን ሕይወቱን ያቆዩለታል፤ ያው ኦክስጅን፣ ያው ማሽኑ አየር የሚያስገባበት ግፊት ሲበዛ ግን መልሶ ሳንባውን ይጎዳል። ኖርዝዌይ የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1967 ይህን ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም የገለጹት በማሽን ሲተነፍሱ በቆዩ ሕፃናት ላይ አይተውት ነው። የታመመው ሳንባ አንዱ ክፍል አየር አጥቶ ይሟሽሻል፣ ሌላው ከልክ በላይ ይነፋል። ሐኪሙ ግፊቱን ዝቅ ቢያደርግ የሟሸሸው አይከፈትም፤ ከፍ ቢያደርግ የተነፋው ይጎዳል፣ አየርም ወደ ደረት ሊያፈስ ይችላል።

እግር ላይ የሚታሰረው መለኪያ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይናገራል እንጂ ሳንባው የት እንደተዘጋ አይናገርም። ራጅ ያሳያል፤ ጨረር ስላለው ግን ግፊቱ በተቀየረ ቁጥር አይነሣም። አልትራሳውንድ ጨረር የለውም። ሕፃኑ ካለበት ሳይነሣ፣ የሟሸሸው ክፍል የት እንዳለ፣ ግፊቱ ሲስተካከልም ተከፍቶ እንደሆነ እዚያው ያሳያል። ከልክ በላይ የተነፋውን ግን አጥርቶ አያሳይም፤ ስለዚህ ራጁ አይቀርም። ይህን የምንጽፈው ገንዘባችሁ የሚሠራውንም የማይሠራውንም አውቃችሁ እንድትሰጡ ነው።

ለሕፃን ደረት የሚሆን ትንሽ ፕሮብ (ገላ ላይ የሚያርፈው የመሣሪያው ክፍል)፣ መብራት ሲጠፋ የሚያሠራ ባትሪ፣ ጄልና ጥገና በዕቅዱ ውስጥ አሉ። የሐኪሞችና የነርሶች ሥልጠናም አለ፤ በእርሱ ላይ አንደራደርም። ምስሉን የሚያነብ ሰው ከሌለ መሣሪያው ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀራል።

ከጎማ፣ ከሊሙ፣ ከዳውሮ ሳይቀር እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ወደዚህ ይመጣሉ። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በማሽን የሚተነፍስ ጨቅላ ይዞ ያን መንገድ መጓዝ እጅግ አስጊ ነው። ሕክምናው እዚሁ መሻሻል አለበት።

መዋጮው በየዕድራችሁ ገንዘብ ያዥ በኩል በደረሰኝ ይሰበሰባል። ቡና አምራቾችና ነጋዴዎች በዓይነት መስጠት ይችላሉ፤ በኪሎም ሆነ በፈረሱላ እንቀበላለን፣ የሽያጩም ደረሰኝ ለሰጪው ይደርሳል። ግዢው ሲፈጸም የወጪው ሰነድ በእያንዳንዱ ዕድር ስብሰባ ላይ ይነበባል።