ከሰማይ የማይታየው አውድማ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ቱሉ ዲምቱ ዳር የምኖር አንባቢዎ ነኝ። የከተማ ፕላን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ይታገዝ ሲባል እሰማለሁ፤ ሐሳቡን አልቃወምም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ባደረገው ሥራ ኮምፒውተር ከሳተላይት ምስል በአፍሪካ 516 ሚሊዮን ሕንፃዎችን ለይቷል። የውኃ መስመርና ጤና ጣቢያ የት እንደሚያስፈልግ ለማስላት ይህ ትልቅ አቅም ነው።

ነገር ግን ያ መረጃ የጣሪያውን ቅርጽ እንጂ ከቆርቆሮው ሥር ማን እንደሚኖር አይነግርም። በሰፈራችን ጫፍ ያለው አውድማ ከላይ ሲታይ ባዶ መሬት ነው። በታኅሣሥና በጥር ግን ጤፍ ይወቃበታል፤ በክረምት ከብት ይውልበታል፤ ሰው ሲሞትም የእድሩ ድንኳን የሚተከለው እዚያው ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ሽማግሌ መጠየቅ ይበቃል። ማሽኑ በፕላኑ ካርታ ላይ «ክፍት ቦታ» ብሎ ቀለም ቢቀባው ስህተቱን የሚያርመው ማን ነው?

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት ሰጥቷቸዋል። ስለዚህ ካርታው ከመጽደቁ በፊት በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ታትሞ በወረዳው ግቢ ይለጠፍ፤ ቅሬታችንን የሚሰማውም በውሳኔው ላይ ስሙን የሚፈርም ባለሙያ ይሁን።

አክባሪዎ፣
ከአቃቂ ቃሊቲ