ጎበዞችም አሰልጣኝ ያስፈልጋችኋል
ውድ አባላት፣

በሙያችሁ የተካናችሁ ብትሆኑም አሰልጣኝ ያዙ። ክህሎት ሲዋሃደን እጃችን ሳናስብ ይሠራል፤ ትንሿ ስህተትም አብራ ትዋሃዳለች፣ እኛ ግን አናያትም። ሯጭ ሲደክመው ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፤ እሱ ዘና ብሎ የሚሮጥ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ቪየና ላይ 42.195 ኪሎ ሜትር በ1፡59፡40 የሮጠው ኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ እንኳ በአሰልጣኙ በፓትሪክ ሳንግ ሥር ይሠለጥን ነበር።

መጀመሪያ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ፤ ንግግር የምታቀርቡ ከሆነ ለምሳሌ የዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ድምፃችሁ መውረዱን። አሰልጣኙ ሥራ ላይ ሳላችሁ 30 ደቂቃ ያህል ተመልክቶ ያየውን ከነሰዓቱ ይጻፍ፤ በዚያው ቀን ተነጋገሩ። ከሁለት ነጥብ በላይ አትቀበሉ። አሥር ነገር ባንዴ ለማረም የሚሞክር ሰው የለመደው ምት ጭምር ይጠፋበታል።

ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው ግን አስተያየቱን ሰምተን ሳንጨርስ ምክንያት መደርደር ስንጀምር ነው። እባካችሁ መጀመሪያ ጻፉት፣ ሥራችሁ በቪዲዮ ተቀርጾ ከሆነ እዩት፣ ከዚያ ተከራከሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ ነገር ደግሞ ይመልከትላችሁ።

አሰልጣኙ በሥራው ከእናንተ መብለጥ የለበትም፤ ዓይኑ የሠለጠነ ይሁን። የደመወዝ ወይም የዕድገት ውሳኔ ግን በእጁ አይሁን፤ ከሆነ ድክመታችሁን ትደብቁታላችሁ።