የቅዳሜ እንቁላል

ወንድሜ፣ እንዴት ከርመሃል?

ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ማለቴን ኔትወርክ ላይ አላላክክም። ስንፍና ነው። ስንገናኝ እንደ ልብህ ትሰድበኛለህ።

እኔ እዚያው ነኝ፤ ደምበጫ አካባቢ፣ ገጠር፣ ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ። አንድ ተማሪ አለኝ። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ጥያቄዬን ሳልጨርስ እጁን ያወጣል። አራተኛው ላይ ግን ዓይኑ ይቦዝና አገጩ ደብተሩ ላይ ያርፋል። ሰነፍ መስሎኝ ሁለት ቀን ሰሌዳው ጥግ አቆምኩት። በሦስተኛው ቀን ጠራሁትና "ዛሬ ምን በላህ?" አልኩት። መሬት መሬት እያየ "ማታ በልቻለሁ" አለኝ። ከቤቱ እዚህ ድረስ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ራሴን ታዘብኩት።

አንጎላችን ሰውነት ከሚያቃጥለው ጉልበት አንድ አምስተኛውን ያህል ይወስዳል። እኔ ደግሞ በባዶ ሆድ ክፍልፋይ አባዛ እለዋለሁ!

ነገሩ የቁርስ ብቻ አይደለም። ብረት ያጠረው ልጅ ደሙ ያንሳል፤ ሆዱ ቢሞላም ቶሎ ይደክማል፣ ሐሳቡን መሰብሰብ ያቅተዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በክልላችን በአማራ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 46 ከመቶ ያህሉ የቀነጨሩ፣ ማለትም በምግብ እጥረት ቁመታቸው ከዕድሜያቸው በታች የቀረ ነበሩ። በአገር ደረጃ 38 ነበር። ዕድሜያቸውን አስላው፤ የዚያን ጊዜ ሕፃናት ዛሬ ፊቴ የተቀመጡት ናቸው።

በጤፍ አገር እኮ ነው! ግን ጤፉ ለማዳበሪያ መግዣ ይሸጣል፣ ቤት የሚቀረው በቆሎ ነው። ቅቤው ገበያ ይወጣል። እንቁላሉማ ጨውና ሳሙና ነው። የልጁ እናት ሁለት ዶሮ አላት። ቅዳሜ ቅዳሜ እንቁላሉን ጭድ ውስጥ ቀብሮ እየዞረ ይሸጣል። ደንበኛው ማን መሰለህ? እኔ። ባለፈው ስድስት አመጣ፤ የስድስቱን ከፍዬ ሁለቱን ቀቅዬ አበላሁት። ቅርፊቱን ሲልጥ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አንድ ነገር አስቸግርህ። እናንተ ጋ አዲስ አበባ በመንግሥት ትምህርት ቤት ቁርስና ምሳ አለ አይደል? መጋቢ እናቶቹን ጠይቅልኝ፦ ለ60 ልጅ የበቆሎና የባቄላ ንፍሮ ስንት ጣሳ ይበቃል? ማገዶውስ? እህሉን ከየቤቱ እንሰበስባለን። ቶሎ ጻፍልኝ፣ የወላጆች ስብሰባ ከጥምቀት በፊት ነው።

ያንተው